ማንሣት ሌላ፣ መንቀል ሌላ

«ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» ይላል ያገራችን ሰው። የአፋርና የከረዩ አርብቶ አደር ግን ሞኝም አይደለም፣ ወረቀትም የለውም። መሬቱን የያዘው በእግሩ ነው። ዝናብ ሲጥል ከብቱን ወደ ሜዳው ይነዳል፤ ሣሩ ሲያልቅ ወደ አዋሽ ዳር ይመለሳል። የባለቤትነቱ ማስረጃ ይኸው መሄድና መመለስ ነው። አባቱ በዚሁ መንገድ ሄዷል፣ አያቱም ሄዷል፤ ጎረቤቱም ይህን ያውቃል። እንግዲህ እንዲህ ያለውን ሰው ከቀዬው አንሥቶ ለወራት በድንኳን ማስቀመጥ ሕይወቱን ቢያተርፍለትም ማስረጃውን ያስጥለዋል። ተመልሶ ሲመጣ «የት ነበርክ?» ቢሉት የሚያወጣው ካርታ የለው፣ የግብር ደረሰኝ የለው። የሚያሳየው የከብቶቹን ዱካ ነው። ዱካ ደግሞ አንድ ክረምት ይበቃዋል።

ይህን የምጽፈው የ2017ቱ የመሬት መንቀጥቀጥ ያስከተለውን ጥያቄ ይዤ ነው። ስለ መንቀጥቀጡ ብዙ ተብሏል። ከመንቀጥቀጡ በኋላ በዚያ ገጠር ላይ ሊመጣ ስለሚችለው ግን የሚገባውን ያህል አልተባለም።

ነገሩን በአጭሩ እናስታውሰው። በመስከረም 2017 ዓ.ም. በፈንታሌ ተራራ አካባቢ መሬቱ ይንቀጠቀጥ ጀመር። መስከረም 26 ቀን ማታ አዲስ አበባ ድረስ ተሰማ። ጥቂት ረገብ ብሎ በታኅሣሥ እንደገና በረታ፤ መናወጡም ከፈንታሌ ወደ ሰሜን ምሥራቅ፣ ወደ ዶፈን ተራራ አቅጣጫ ዘለቀ። ታኅሣሥ 25 ቀን ዶፈን አጠገብ መሬቱ ተቀድዶ እንፋሎት ይተፋ ጀመር። በማግሥቱ መጠኑ ከ5.5 በላይ የሆነ፣ የካቲት 7 ቀን ደግሞ 6 ገደማ የደረሰ መንቀጥቀጥ ተመዘገበ። ምክንያቱ ከሥር ያለው ቅልጥ ዐለት ነው፤ መሬቱን በውስጥ እየሠነጠቀ መንገድ ሲያበጅ ከላይ ያለው ይናወጣል። ቤት ፈረሰ፣ መንገድ ተሰነጠቀ፣ ትምህርት ተቋረጠ። በታኅሣሥ መጨረሻ መንግሥት በአፋርና በኦሮሚያ አካባቢዎች 80 ሺህ ያህል ሰዎች ለአደጋው የተጋለጡ መሆናቸውን አስታውቆ ነዋሪዎችን ማንሣት ጀመረ። በአፋር በኩል አዋሽ ፈንታሌና ዱለቻ፣ በኦሮሚያ በኩል ፈንታሌ በብዛት የተነኩት ወረዳዎች ናቸው።

ሰዉን ማንሣቱ ትክክል ነበር። ይህን አስቀድሜ መናገር እወዳለሁ፤ ምክንያቱም ከዚህ በታች የምለውን «ታዲያ እዚያው ይለቁ ነበር ወይ?» ብሎ ሊያጣምመው የሚሞክር አይጠፋም። መሬት እየተቀደደ ሰውን እዚያው ተወው የሚል ጤነኛ የለም። የኔ ክርክር ማንሣትና መንቀል አንድ አይደሉም የሚል ነው። ማንሣት ሰውን ከአደጋ ማራቅ ነው፤ የሚመለስበት ቀን አለው። መንቀል ግን ሰውየውን ከመሬቱ፣ መሬቱንም ከሰውየው መለየት ነው። በአገራችን ታሪክ የመጀመሪያው ብዙ ጊዜ የሁለተኛው በር ሆኗል።

እኛ አዲስ አበቤዎች በዚያ ወቅት ምን አደረግን? አምፖሉ ሲወዛወዝ ደነገጥን። ከኮንዶሚኒየም ደረጃ በነጠላ ጫማ ወርደን፣ ለዓመታት ሰላም ተባብለን ከማናውቀው ጎረቤት ጋር ተዋወቅን። መሐንዲስ ዘመድ ያለው ሰው ስልኩን አላስቀመጠም። «ሕንጻችን ይችለዋል ወይ?» አልን። ተገቢ ጥያቄ ነው፤ ዛሬም መልስ ይፈልጋል። ዳሩ ግን ከየካቲት በኋላ ንዝረቱ እየቀነሰ ሲሄድ ጭንቀታችን አብሮ ቀነሰ፤ ጭንቀታችን ሲቀንስ ደግሞ ጉዳዩ ያለቀ መሰለን። ለኛ የመሬት መንቀጥቀጥ የሰከንዶች ጉዳይ ነው። ለአዋሽ ፈንታሌ ሰው ግን ዋናው ችግር የሚጀምረው ንዝረቱ ሲቆም ነው።

የደግ አሳቢዎች ምክር

በየቢሮውና በየቡና ቤቱ የሚሰማው ምክር ይህን ይመስላል፦ «ያ አካባቢ እኮ ለሰው አይሆንም። እሳተ ገሞራው ከሥር፣ ፀሐዩ ከላይ። ምን ይሠራሉ እዚያ? አንድ ደህና ቦታ ተፈልጎ፣ ውኃና መብራት ገብቶ፣ ትምህርት ቤት ተሠርቶ በመንደር ቢሰባሰቡ አይሻላቸውም?»

ይህን የሚሉት ክፉ ሰዎች አይደሉም። ብዙዎቹ ከልባቸው አዝነው ነው። እኔን የሚያስፈራኝም ይኸው ነው። ክፉ ሐሳብ ተቃዋሚ አያጣም፤ ደግ የሚመስል ሐሳብ ግን ሳይመረመር ያልፋል። እስቲ እንመርምረው።

«ለሰው አይሆንም» የተባለው መሬት የትኛው ነው? በዚያው አካባቢ የአዋሽ ብሔራዊ ፓርክ አለ። የመተሐራ ስኳር ፋብሪካና የሸንኮራ እርሻው አለ። ከሰም ወንዝ ላይ ወደ 500 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ውኃ እንዲይዝ የተሠራ ግድብ አለ፤ ከርሱም ሥር ሌላ የስኳር ልማት አለ። ከጅቡቲ ወደብ የሚመጣው የአገሪቱ ጭነት በመኪናም በባቡርም የሚያልፈው በዚያው ነው። እንግዲህ መሬቱ ለሰው የማይሆን ከሆነ ለግድብ እንዴት ሆነ? ለሐዲድ እንዴት ሆነ? ፍየል ጠባቂው ይነሣ ሲባል ሸንኮራው ይነሣ ያለ ሰው አልሰማሁም። ለፋብሪካ ሲሆን አደጋው በምሕንድስና የሚታከም ችግር ይባላል፤ ለአርብቶ አደር ሲሆን ግን የመፈናቀያ ምክንያት ይሆናል። ይህ የሚዛን ጉድለት ነው።

የምን ጊዜም አደጋ ያለበት ቦታ የለም ለማለት አይደለም። ስንጥቁ ያለፈበት፣ እንፋሎት የሚወጣበት፣ ከግድቡ በታች ጎርፍ ሊያጥለቀልቀው የሚችል ቦታ ይኖራል። ሥራው እነዚህን ቦታዎች አንድ በአንድ መለየት ነው። ይህ የባለሙያ ሥራ ነው፤ ባለሙያውም አለን። ፒየር ጉዌን የተባሉት ካናዳዊ ካህንና ሳይንቲስት በ1950ዎቹ መጀመሪያ በአዲስ አበባ የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪ ካቋቋሙ ወዲህ የአገራችን መንቀጥቀጥ ሲመዘገብ ኖሯል። እርሳቸው በ1971 ያሳተሙት የኢትዮጵያና የአፍሪካ ቀንድ የመሬት መንቀጥቀጥ ታሪክ እስከ ዛሬ የሚጠቀስ ሥራ ነው። ግንቦት 1953 በካራቆሬና በማጀቴ የደረሰው፣ መጋቢት 1961 በአፋር ሰርዶን ያፈረሰው ሁሉ ተጽፏል። በመስከረም 1998 በዳባሁ 60 ኪሎ ሜትር የሚሆን መሬት በጥቂት ሳምንታት ተሠንጥቆ እስከ 8 ሜትር መከፈቱ ዓለም ያጠናው ነገር ነው። ከዚያም በኋላ ቅልጥ ዐለቱ እስከ 2002 ድረስ ደጋግሞ ገብቷል። ከዚህ የምንማረው ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ እንዲህ ያለው መናወጥ በአንድ ጊዜ የሚያበቃ ላይሆን ስለሚችል መመለስ በጥንቃቄ መሆን አለበት። ሁለተኛ፣ የስምጥ ሸለቆ መሬት ሁሉ ከዳር እስከ ዳር እንዲህ ነው፤ በዚህ ምክንያት ሰው ይነቀል ካልን አዳማንና ሐዋሳንም መንቀል ሊኖርብን ነው። አዳማን የሚነቅል የለም። አዳማ ወረቀት አለው።

የሸለቆው ሒሳብ

የአዋሽ ሸለቆ ሰው «ለራስህ ጥቅም ነው፤ ገለል በል» ሲባል ይህ የመጀመሪያው አይደለም። የአዋሽ ሸለቆ ባለሥልጣን በ1954 ዓ.ም. ተቋቋመ። ብሔራዊ ፓርኩ በ1958 ተከለለ። የመተሐራ ሸንኮራ በ1960ዎቹ ተስፋፋ። በመካከለኛውና በታችኛው አዋሽ የጥጥ እርሻዎች ተዘረጉ። እያንዳንዱ ሥራ ለብቻው ሲታይ ምክንያት ነበረው፤ አገር ስኳር ይፈልጋል፣ ጥጥ ይፈልጋል፣ የዱር አራዊትም መጠበቅ አለባቸው። ነገር ግን ሁሉም የወሰዱት አንድ ዓይነት መሬት ነው፤ የወንዝ ዳሩን። አርብቶ አደር በበጋ የሚጠጋበት፣ ድርቅ ሲመጣ የሚተርፍበት መሬት ያ ነው። ሰፊው ደረቅ ሜዳ ቀረለት። ከዐሥር እጅ አንዱን ነው የወሰድንብህ እንደማለት ነው፤ የተወሰደው አንዱ ግን ልብ ነበር።

የበሰቃ ሐይቅን ማንሣት ይቻላል። በ1950ዎቹ ከ3 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ብዙ ያልበለጠ ኩሬ ነበር፤ በኋላ ከ40 ስኩዌር ኪሎ ሜትር በላይ ሆነ። ለመስፋፋቱ ከሚሰጡት ምክንያቶች አንዱ ከመስኖ እርሻ የሚወርደው ውኃ ነው። ውኃው ጨዋማ ስለሆነ ከብት አይጠቅምም፤ የዋጠው ግን የከረዩን ግጦሽ ነው። ከዚያ ወዲያ ግጦሹ የጠበበበት ከረዩ ከአፋር፣ ከአርጎባና ከሌላውም ጎረቤት ጋር ሣርና ውኃ ሲሻማ «የጎሣ ግጭት» ተባለ። ግጭቱን ያየነውን ያህል የግጭቱን እናት አላየናትም።

ፕሮፌሰር መስፍን ወልደ ማርያም በ1976 ዓ.ም. ባሳተሙት የገጠር ሕዝብ ለረኀብ መጋለጥን ባጠኑበት መጽሐፋቸው ያስጨበጡን አንድ ቁም ነገር አለ። ድርቅ የተፈጥሮ ነው፤ ረኀብ ግን ሰውን አስቀድሞ ለረኀብ ያጋለጠ ሥርዓት ውጤት ነው። ይህ ለመሬት መንቀጥቀጥም ይሠራል። መሬቱን ያንቀጠቀጠው ቅልጥ ዐለት ነው። ሰውየውን ግን አንድ ወር ከቀዬው ቢርቅ ሁሉን ሊያጣ የሚችል ያደረገው ከዚያ በፊት የተሠራው ሥራ ነው።

ጉዳዩን በአዋሽ ሸለቆም ብቻ አንወስነው። በ1977 ዓ.ም. ረኀቡ ሰሜኑን ሲመታ ወደ 600 ሺህ የሚጠጋ ሕዝብ ወደ ደቡብና ወደ ምዕራብ ተጋዘ። ስሙ ሰፈራ ነበር፤ በፈቃድ ነው ይባል ነበር። ስንቱ በመንገድና በሰፈራ ጣቢያ እንዳለቀ፣ ስንቱ በእግሩ ወደ ቀዬው እንደተመለሰ ያየ ትውልድ ዛሬም በሕይወት አለ። ወዲያው የመንደር ምሥረታ ተከተለ። ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮም አፋርን ጨምሮ በአራት ክልሎች ሰውን በመንደር የማሰባሰብ ዘመቻ ተካሂዷል። መንግሥት ሲቀያየር ሐሳቡ አልተቀየረም። ሐሳቡም «ገጠሬው ተበታትኖ ስለሚኖር ነው የተቸገረው፤ ሰብሰብ ቢል ይለማል» የሚል ነው። አደጋ በደረሰ ቁጥር ይህ አሮጌ ሐሳብ አዲስ ምክንያት ያገኛል። ያን ጊዜ ድርቅ ነበር። ዛሬ የመሬት መንቀጥቀጥ ሊሆን ይችላል።

ሌላው ዓለም ምን አየ?

ይህ የኛ ብቻ ችግር አይደለም። በጣልያን አገር፣ በሲሲሊ ደሴት የቤሊቼ ሸለቆ በጥር 1960 ዓ.ም. በመሬት መንቀጥቀጥ ተመታ። ጂቤሊና የምትባለው የተራራ ከተማ ፈረሰች። የፕላን አዋቂዎች ከተማዋ በነበረችበት አትሠራም ብለው ብዙ ኪሎ ሜትር ርቆ፣ አውራ ጎዳና አጠገብ አዲስ ጂቤሊና አቆሙ። ሕዝቡ ቤቱን እየጠበቀ ከዐሥር ዓመት በላይ በጊዜያዊ መጠለያ ኖረ። አዲሲቱ ከተማ ሰፋፊ አደባባዮች፣ ዘመናዊ ቅርጻ ቅርጾችና ስመ ጥር ሠዓሊዎች የሠሩት ሥራ አላት። የሌላት እነዚያን አደባባዮች የሚሞላ ሰው ነው። አሮጌዋ ከተማ ደግሞ አልቤርቶ ቡሪ በተባለው ሠዓሊ ሐሳብ በነጭ ሲሚንቶ ተሸፍና ትልቅ የጥበብ ሥራ ሆናለች። እንግዳ ይጎበኛታል፤ ያደንቃታል። እኔ ግን ሳስበው፣ ሰዎች ተመልሰው ሊገቡበት ይገባ የነበረ ፍርስራሽ በሲሚንቶ ተከድኖ «ያለቀ ነገር» መደረጉ አያስደስተኝም። ለሙታን ሐውልት ሊሆን ይችላል፤ ለነዋሪው ግን መልስ አይደለም።

ሁለተኛው ምሳሌ ጃፓን ነው። ታኅሣሥ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በኖቶ ልሳነ ምድር መጠኑ 7.6 የሆነ መንቀጥቀጥ ደረሰ። እዚያ ያለው ገጠር ወጣቱ የከዳው፣ አረጋውያን የሚበዙበት ነው። ገና ፍርስራሹ ሳይነሣ «ለጥቂት ሽማግሌዎች ተብሎ መንገድና የውኃ መሥመር እንደገና መዘርጋት ያዋጣል ወይ?» የሚል ክርክር ተነሣ። ጃፓንን የሚያህል ሀብታም አገር ይህን ከጠየቀ እኛ ዘንድማ በጉልህ ይጠየቃል። ሒሳቡ የሚሠራው ግን ግማሹን ብቻ በመቁጠር ነው። ሰው ያለበትን ገጠር መጠበቅ የሚያስወጣው ወጪ ይቆጠራል፤ ሰው የለቀቀው ገጠር የሚያስከፍለው አይቆጠርም። በሚያዝያ የተጠረገ ምንጭ፣ በሰኔ የተጠበቀ ሣር፣ በሌሊት ከሩቅ የታየ እሳት፤ ይህን ሁሉ ያለ ደመወዝ የሚሠራው ነዋሪው ነው። እርሱ ሲለቅ ይህን ሥራ በደመወዝ የሚሠራ አይገኝም።

በኛም አገር ዓለም ገጠሩን በምን ዓይን እንደሚያይ በቅርቡ ታይቷል። ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም. በአፋር የሃይሊ ጉቢ እሳተ ገሞራ ፈነዳ። አመዱ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ የመንና ኦማን፣ ከዚያም ሕንድ ድረስ ደረሰ፤ በረራዎችም ተሰረዙ። የዓለም ዜና ስለ አውሮፕላኖቹ ብዙ ተናገረ። አመድ ስለ ወረደበት የአፍዴራ ግጦሽና ሣር ስለሌላቸው ፍየሎች የተነገረው እጅግ ትንሽ ነበር።

«ተንቀሳቃሽ ነው፤ ምን ፈረሰበት?»

ከደግ አሳቢው ሌላ ደግሞ ሁለተኛ ተከራካሪ አለ። ይህኛው «አርብቶ አደር እኮ ድሮም ተንቀሳቃሽ ነው። ዛሬ እዚህ፣ ነገ እዚያ። ምን ቤት አለውና ምን ፈረሰበት?» ይላል።

የሚንቀሳቀስ ማለት መድረሻ የሌለው ማለት አይደለም። አውቶቡስም ይንቀሳቀሳል፤ መሥመሩን ብትዘጋበት ግን ሥራ ፈት ነው። የአርብቶ አደር ቤት መሥመሩ ነው፤ የውኃ ጉድጓዱ፣ የበጋ ሣሩ፣ ጨዋማው አፈር፣ ገበያው፣ የሙታኑ መቃብር፣ በመሃል የሚያልፍበት የጎረቤት መሬትና ለማለፊያው የተገባው ቃል። ከዚህ አንዱ ሲቆረጥ ሌላው ይበላሻል። ግመሎቹን ይዞ ወደ ሌላ ጎሣ መሬት እንዲሰፍር ሲነገረው ደግሞ እንግድነቱ ከጥቂት ሳምንት በኋላ ሽሚያ ይሆናል። ሰውን ከመሬት መንቀጥቀጥ አድኖ ለጥይት መዳረግ ማዳን አይባልም።

ስለ ቤቱም ካነሣን እንነጋገር። የአፋር ሴቶች እንጨት ጎብጠው፣ የዘንባባ ምንጣፍ አልብሰው የሚተክሉት ጎጆ ቀላል ነው፤ ቢወድቅ ሰው አይገድልም፤ በማግሥቱ ተመልሶ ይተከላል። በመሬት መንቀጥቀጥ ሰው የሚገድለው በላዩ የሚወድቅበት ድንጋይና ብሎኬት ነው። እንግዲህ «ዘመናዊ መንደር» ብለን ሰዉን ከዚያ ጎጆ አውጥተን በርካሽ ብሎኬት ግንብ ውስጥ በመደዳ ብናሰፍረው፣ ያውም በዚያው ስምጥ ሸለቆ ውስጥ፣ ከአደጋ አወጣነው ወይስ አስገባነው? ሥልጣኔ ሁልጊዜ በቆርቆሮ አይለካም።

ሌላም ነገር አለ። ጉዳት የሚመዘገበው በፈረሰ ቤት ብቻ ከሆነ የአርብቶ አደሩ ጉዳት ከዜሮ ብዙም አይርቅም። የሞተ ጥጃ፣ በግድ በርካሽ የተሸጠ ፍየል፣ የደረቀ ጉድጓድ፣ ልጅ ያላለፈው የትምህርት ዓመት በፈረሰ ቤት ቅጽ ላይ መሙያ ቦታ የላቸውም። ቅጹ ከተማን አስቦ የተዘጋጀ ነው። ከዚያ የቅጹን ድምር አይተን «ብዙም አልተጎዱም» እንላለን።

ታዲያ ምን ይደረግ?

«ትችት ብቻ» እንዳይባል የሚመስለኝን ልናገር። አዲስ ሕግ እንኳ አያስፈልገንም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 ንዑስ አንቀጽ 5 አርብቶ አደሮች ለግጦሽም ሆነ ለእርሻ የሚጠቀሙበትን መሬት በነጻ የማግኘት፣ ከመሬታቸውም ያለመፈናቀል መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። በአፍሪካ ኅብረት ሥር የተፈረመውን፣ በተፈጥሮ አደጋ ምክንያት በአገራቸው ውስጥ ስለተፈናቀሉ ሰዎችም የሚናገረውን የካምፓላ ስምምነት ኢትዮጵያ በ2012 ዓ.ም. አጽድቃዋለች። የቀረው ሥራው ነው።

አንደኛ፣ ማን ከየትኛው ቀበሌ፣ ከየትኛው የግጦሽ መሥመርና ውኃ እንደተነሣ በስም ይጻፍ። መዝገቡም በወረዳው ካዝና ብቻ አይቀመጥ፤ ለራሱ ለሕዝቡና ለሽማግሌዎቹ ይሰጥ። ወረቀት ባለመኖሩ የሚጠፋ መሬት ካለ፣ መሬቱ ሳይጠፋ ወረቀቱ ይኑር።

ሁለተኛ፣ ነዋሪው በአደጋ ምክንያት የተነሣበት መሬት ላይ የተነሣው ሰው በነጻ ፈቃዱ እስኪወስን ድረስ ለማንም ባለሀብት፣ ለማንም ፕሮጀክት የመሬት ክፍፍል አይደረግ። ይህ በግልጽ ይታወጅ። ቃል አይበቃም።

ሦስተኛ፣ ማን ይመለስ፣ የት ይመለስ፣ የት አይመለስ የሚለው በባለሙያና በነዋሪ በጋራ ይወሰን። የምድሩን ሥሪት ባለሙያው ያውቃል፤ የውኃውንና የሣሩን ደግሞ የአፋሩ ሽማግሌና የከረዩ አባ ገዳ ያውቃሉ። አንዱ ሌላውን አይተካም።

አራተኛ፣ የሚሠራው ትምህርት ቤትና ጤና ጣቢያ መንቀጥቀጥ የሚችል ቀላል ሥራ ይሁን፤ ከሰዉ ጋር የሚሄድም ይሁን። ተንቀሳቃሽ ትምህርት ቤት ለአፋር አዲስ ነገር አይደለም። መምህርና መድኃኒት ገጠር መቆየት ካልቻሉ ሰው ለምን ገጠር ይቆያል?

አምስተኛ፣ የማስጠንቀቂያ ቃል በአፋርኛና በኦሮምኛ ይድረስ። አፋር ዳጉ የሚባል ነገር አለው። ሁለት መንገደኞች ሲገናኙ ቆመው፣ ያዩትንና የሰሙትን በሥርዓት ይለዋወጣሉ፤ ወሬ መደበቅም ማጋነንም ነውር ነው። ዛሬ ስልክ ባለበት ዘመን እንኳ በዚያ በረሃ ዜና በፍጥነት የሚሄደው በዚሁ ነው። ከአዲስ አበባ የሚወጣ መግለጫ ዳጉ ውስጥ ካልገባ ለነዋሪው አልወጣም ማለት ነው።

ይህን ስል ሁሉም የግድ ይመለስ ማለቴ አይደለም። ከተማ መግባት የሚፈልግ ወጣት አለ፤ እርሻ መጀመር የሚፈልግ አለ፤ ልጆቿ ትምህርት ቤት አጠገብ እንዲያድጉ የምትፈልግ እናት አለች። መብታቸው ነው፤ ይታገዙ። ነገር ግን ምርጫ የሚባለው የመመለሻው በር ክፍት ሆኖ ሳለ «አልመለስም» ማለት ሲቻል ነው። በሩ ከኋላ ተዘግቶ «ወዴት መሄድ ትፈልጋለህ?» ብሎ መጠየቅ ምርጫ መስጠት አይደለም፤ ሹፈት ነው።

ይህን መጽሔት የሚያነበው ሰው በአብዛኛው ከተሜ ነው። ከመካከላችሁ ፕላን የሚያወጣ አለ፤ ብድር የሚያጸድቅ፣ የአዋጭነት ጥናት የሚጽፍ፣ መሬት የሚለካ፣ በጋዜጣ ዜና የሚያትም አለ። አንድ ቀን ጠረጴዛችሁ ላይ የፈንታሌን ወይም የዱለቻን አንድ ቦታ ጠቅሶ «ከይዞታ ነጻ የሆነ ጠፍ መሬት» የሚል ወረቀት ይመጣ ይሆናል። ሰነዱ በማኅተምና በፊርማ የተሟላ ይሆናል። ያን ጊዜ ፊርማችሁን ከማኖራችሁ በፊት አንድ ነገር ጠይቁ፦ በመስከረም 2017 እዚያ ማን ነበር? ከብቱስ የት ይጠጣ ነበር? መልሱ በወረቀቱ ላይ ከሌለ መሬቱ ነጻ አይደለም፤ ባለቤቱ ገና አልተጠየቀም ማለት ነው።